በረዶ ላይ መንሸራተት ሳልችል የሆኪ ቡድን ገባሁ፤ ምን ልግዛ፣ ከየት ልጀምር?

አዲሱ ሸርተቴ (ኤድመንተን)

ሰላም ለሁላችሁ። መጋዘን አብረውኝ የሚሠሩ ልጆች እሁድ ማታ የሚጫወቱበት የመዝናኛ አይስ ሆኪ ቡድን አላቸው። ሁለት ሰው ጎደለባቸውና ምሳ ላይ «ኳስ ስትጫወት አይተንሃል፣ ትሮጣለህ፣ ና» አሉኝ። እኔም አፌ ቀደመኝና እሺ አልኩ። ዕድሜዬ 36፣ ካናዳ ከገባሁ ስድስት ዓመቴ ነው። በረዶ ላይ የወጣሁት ግን በድምሩ አራት ጊዜ ነው፤ አራቱንም አጥሩን ይዤ። መሄድስ እሄዳለሁ፣ ማቆም ነው ያቃተኝ። ባለፈው ቅዳሜ ያስቆመኝ አንድ የስምንት ዓመት ልጅ ነው። ይቅርታ ጠይቄዋለሁ።

ውድድሩ አምስት ሳምንት ቀርቶታል። አዲስ መግዛት ያለብኝ የቱን ነው? ያገለገለ ቢሆን የማይጎዳውስ? በአምስት ሳምንትስ ይደረሳል ወይ? ደሞ የሚከፈለኝ በሰዓት ነው፤ እጄ ቢሰበር ኪራዩን ማን ይከፍላል? ባለቤቴ «ጥርስህን ይዘህ ተመለስ» ብላለች።

ቀዩ መስመር (ካልጋሪ)

እንኳን ደስ ያለህ ወንድሜ። ከጫማው ጀምር፤ ሰው ሁሉ የሚሸወደው እሱ ላይ ነው። የሆኪ ስኬት (የበረዶ መንሸራተቻው ጫማ) ከመደበኛ ጫማህ በአንድ ወይ በአንድ ቁጥር ተኩል ያንሳል። 10 የምታደርግ ከሆነ 9ንም 8 ተኩልንም ለካ። ቀጥ ብለህ ስትቆም አውራ ጣትህ ጫፉን ነካ ያደርጋል፣ ጉልበትህን ስታጥፍ ትንሽ ወደ ኋላ ይላል። ተረከዝህ ከተነሳ ግን በነፃ ቢሰጡህም አትውሰደው። እኔ «ወፍራም ካልሲ አደርግበታለሁ» ብዬ ሰፊ ገዝቼ አንድ ክረምት ሙሉ ቁርጭምጭሚቴ ሲወላገድ ከረመ። ካልሲው ቀጭን ነው መሆን ያለበት። አዲስ ከገዛህ ሱቁ ውስጥ ጫማውን አሙቀው በእግርህ ቅርጽ ያስይዙልሃል፤ እሺ በል።

ስለቱንም አትርሳ። አዲስ ስኬት ብዙ ጊዜ ሳይሳል ነው የሚሸጠው። የብረቱ ሥር መሃሉ ጎድጎድ ያለ ነው፤ ጠለቅ ካለ በረዶውን አጥብቆ ይነክሳል፣ ሳሳ ካለ ይንሸራተታል። የሚስለው ልጅ ሲጠይቅህ ከተለመደው ግማሽ ኢንች ይልቅ ሳሳ ያለውን «አምስት ስምንተኛ» በለው። ማቆም ለሚማር ሰው ትንሽ መንሸራተቱ ይጠቅመዋል።

የቅልጥም፣ የክርንና የትከሻ መከላከያ ያገለገለ ግዛ፣ ሱሪውንም እንዲሁ። ሄልሜት ግን አዲስ፣ ፊትን ሙሉ የሚሸፍን ሽቦ ያለው፣ የሲኤስኤ (የካናዳ የደረጃዎች ማኅበር) ምልክት የተለጠፈበት ይሁን። እኔ ከሄልሜቱ በቀር ሁሉንም ከሰው እጅ ገዝቼ 400 ዶላር አልሞላም።

የሁለት ሆኪ እናት (ሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ)

ወንድሜ፣ ባለቤትህ ስለ ጥርስ ተጨነቀች፣ እኔ ስለ አንገት ልጨነቅልህ። አዳም ጆንሰን የዚሁ የሚኒሶታ የሂቢንግ ልጅ ነበር፣ ኤንኤችኤል (ትልቁ የሰሜን አሜሪካ ሆኪ ሊግ) ድረስ የተጫወተ። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 2023 እንግሊዝ ሼፊልድ ውስጥ ሲጫወት የሌላ ተጫዋች ስኬት አንገቱን ቆርጦት ሞተ። ከዚያ በኋላ እኛ ቤት ያለ አንገት መከላከያ በረዶ ላይ የሚወጣ የለም። ዋጋው የአንድ ራት ያህል ነው። ማንም ባያደርግ አንተ አድርግ፤ አያሳፍርም።

ሌላው ሽታው ነው። ዕቃውን ቦርሳ ውስጥ ዘግተህ ካሳደርከው በሁለተኛው ሳምንት ቤትህን ትለቃለህ። ዕጣን አጢሼበት አውቃለሁ፣ ዕጣኑም ላብ ላብ አለ! እንደገባህ አንድ ሳይቀር ዘርግተህ ፋን ልቀቅበት፤ ጓንቱን አፉን ወደ ላይ አድርገህ አቁም። የስኬቱን ብረት በጨርቅ አድርቀው፤ እርጥቡን በፕላስቲክ ሽፋኑ ካሳደርከው ይዝጋል።

በረኛው

አምስት ሳምንት ለማማር አይበቃም፣ ለመቆም ግን ይበቃል። የውጭ ሜዳዎቹ ከዲሴምበር በፊት ይከፈታሉ ተብሎ ስለማይጠበቅ አሁን ለሕዝብ ክፍት የሚሆኑትን የቤት ውስጥ ሰዓቶች ተጠቀም። በሳምንት ሦስቴ፣ አርባ አርባ ደቂቃ። ዱላውን ተወው፣ ማቆምን ብቻ ተለማመድ።

ቀስ ብለህ ሂድ፣ ጉልበትህን እጠፍ፣ ጣቶችህን ወደ ውስጥ አዙርና ተረከዝህን ወደ ውጭ ግፋ፤ ልክ እንደ ማረሻ። በረዶውን መጫን ሳይሆን መላጥ ነው። ከሥርህ ነጭ ዱቄት ሲወጣ ካየህ ይዞልሃል። ወደ ኋላ ስታጋድል ትወድቃለህ፤ ታኬታ የለመደ ሰው ሁሉ የሚወድቀው እንደዚያ ነው። መውደቅህ ካልቀረ በጉልበትህና በጎንህ ውደቅ፣ መዳፍህን አታስቀድም። ወደ አጥሩ ጭንቅላትህን ደፍተህ መሄድ ደግሞ በፍጹም።

ጨዋታው ላይ፦ ኳስ ሜዳ ስለለመድክ ሙሉውን የምትሮጥ ይመስልሃል። 45 ሰከንድ፣ ቢበዛ አንድ ደቂቃ ተጫውተህ ትቀየራለህ። ሁለት ደቂቃ የሚቆይ ሰው ጀግና አይባልም፣ ይጠላል። ከጨዋታ ውጪም አለ፤ እዚህ ግን ሰማያዊው መስመር አይንቀሳቀስም። ፓኩ (በዱላ የሚመታው ክብ ጎማ) መስመሩን ሳያልፍ አንተ ካለፍክ አለቀ። እኔን አትከልለኝ እንጂ ሌላውን ቀስ ብለህ ትለምደዋለህ።

ጋሽ ሐቀኛ

እኔ አልስማማም። ጃንዋሪ ላይ ቢገባ ይሻለዋል፤ እስከዚያ የአዋቂ ጀማሪዎች ትምህርት ይውሰድ። የመዝናኛ ሊግ በአካል መግጨት ይከለክላል፣ እሱ ደግሞ ማቆም ስለማይችል ሳይፈልግ ይገጫል። አንተ ስትሰበር አንድ ነገር ነው፤ ነገ ጠዋት ሥራ የሚገባ ሌላ አባወራም አለ። የሥራ ላይ ጉዳት ካሳ እሁድ ማታ ለተሰበረ እጅ አይከፍልም። የሊጉ ምዝገባ የአደጋ መድን እንዳለው፣ ጥርስንም እንደሚሸፍን ለቡድኑ አለቃ ዛሬውኑ በጽሑፍ ጠይቀው።

አዲሱ ሸርተቴ

ጋሼ ልክ ነህ፣ ጠየቅኩት። መድን አለ፤ ጥርስ ላይ ግን ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው። የአፍ መከላከያ ገዛሁ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጨዋታዎች ከተጠባባቂ ወንበር ሆኜ በር እየከፈትኩ ለማየት ተስማማን። ስኬቱም 8 ተኩል ሆነ! ትናንት ማረሻውን ሞከርኩት፣ በግራ እግር ያዘልኝ፤ ቀኙ ገና ነው። አንድ ቀረኝ፦ ዱላው የግራና የቀኝ አለው አሉኝ። በቀኝ እጄ ነው የምጽፈው፣ የቀኝ ልግዛ?

በረኛው

ቆይ አትግዛ። በቀኝ የሚጽፍ ሁሉ የቀኝ ዱላ አይዝም፤ ብዙዎቹ ጠንካራ እጃቸው ከላይ ሆኖ እንዲቆጣጠር የግራውን ይይዛሉ። ረጅም መጥረጊያ አንሳና ሳታስብ ወለሉን ጥረግ። ከታች የሚይዘው እጅህ የቱ ነው?

አዲሱ ሸርተቴ

ግራዬ።

በረኛው

እንግዲያው የግራ ዱላ። ስኬት ሳታደርግ ስትቆም ጫፉ አፍንጫህ ድረስ ይድረስ፣ የተረፈውን በመጋዝ ያስቆርጡታል።

አዲሱ ሸርተቴ

እግዜር ይስጥልኝ። ባለቤቴ ግን ሳሎኑን ሳትጨርስ መጥረጊያውን አታስቀምጥ ብላለች።