ክርክር፦ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች ሥልጠና በኦንላይን በቀጥታ ይሰጥ ወይስ እንደ ድሮው በአካል?

ካታሎገር፣ አዲስ አበባ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የእኛ ሥልጠና በሳምንት 1 ሰዓት፣ ዓርብ በ9 ሰዓት፣ በዙም፣ በቀጥታ ይሁን ባይ ነኝ። የለመድነውን ታውቁታላችሁ። ደብዳቤ ይመጣል፣ ከየተቋሙ አንድ ሰው ይጠራል፣ አዳማ ወይም ቢሾፍቱ ሆቴል ጥቂት ቀን ተቀምጦ ሰርተፍኬት ይዞ ይመለሳል። ብዙ ጊዜ የሚሄደው ኃላፊው ነው። ቀኑን ሙሉ መጽሐፍ የምትመዘግበው ልጅ አትጠራም። ለእሷ ያካፍላል ይባላል፤ ሲያካፍል ግን ብዙም አላየሁም።

አንድ ነገር ላሳያችሁ። ኮሃን ብዙዎቻችን እንጠቀምበታለን። የቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ የሚመዘገብበትና የሚፈለግበት፣ በነፃ የሚገኝ ሲስተም ነው፤ መጀመሪያ የተሠራው ኒው ዚላንድ ሲሆን ሥራ የጀመረውም በ2000 እ.ኤ.አ. ነው። የደራሲ ስም የሚገባው ማርክ በሚባለው የመጽሐፍ መመዝገቢያ ቅጽ ቁጥር 100 ላይ ነው። የፈረንጅ ደራሲ በቤተሰብ ስሙ ስለሚፈለግ የመጀመሪያው ኢንዲኬተር፣ ማለትም ስሙ በምን እንደሚጀምር ለሲስተሙ የሚነግረው ቁጥር፣ 1 ይሆናል። የእኛ ሰው ግን የሚጠራው በራሱ ስም ነው፤ ስለዚህ 0 ተደርጎ «አበበ ከበደ» ተብሎ እንዳለ ይጻፋል። ይህን ያልነገሯት ልጅ 1 አድርጋ «ከበደ፣ አበበ» ትላለች። አንዱ ቅርንጫፍ «አ» ላይ፣ ሌላው «ከ» ላይ ይመዘግባል። ተማሪው ፈልጎ ያጣና «የለም» ተብሎ ይመለሳል። መጽሐፉ እኮ መደርደሪያው ላይ ነው! ስክሪኑን አጋርቶ የሚያሳይ ሰው ቢኖር የ5 ደቂቃ ጉዳይ ነበር።

የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ፣ ደቡብ ወሎ፦
እህቴ፣ ያልሽው እውነት ነው። ግን ለማን ነው? እኔ ጋ ኮሃ የለም። መዝገብ ደብተር ነው ያለኝ። መብራት ሲጠፋ ኔትወርኩም አብሮ ይሄዳል። የቪዲዮ ስብሰባ በሰዓት 1 ጊጋ ገደማ ሊበላ ይችላል፤ ያ ከኪሴ ነው የሚወጣው። ደሞዛችንን ታውቁታላችሁ።

ደግሞ በስክሪን የማይማሩት ሥራ አለ። የእኔ ትልቁ ራስ ምታት የተገነጠለ መጽሐፍ ነው። አንድ መማሪያ መጽሐፍ በብዙ እጅ ያልፋል። በፕላስተር እንለጥፈው ነበር፤ ጊዜ ሲያልፍ ሙጫው ቢጫ ይሆናል፣ ወረቀቱንም ያበላሸዋል። ክርና መርፌ ይዤ ጀርባውን መስፋት የቻልኩት በአካል በተሰጠ ሥልጠና፣ አሠልጣኟ አጠገቤ ቆማ «ላላ አድርገው፣ አታጥብቀው» እያለች ነው። ካሜራ እጄን አይዝልኝም።

የአይቲ ባለሙያ፣ ዩኒቨርሲቲ፦
ወንድሜ፣ ዳታው መላ አለው። ካሜራ ይዘጋ፣ ድምፅ ብቻ ይሁን፣ ማስተማሪያው ቀደም ብሎ በቴሌግራም ይላክ። ያኔ በጣም ይቀንሳል። በ2012 ዓ.ም. በኮቪድ ዩኒቨርሲቲዎች ሲዘጉ ብዙ ሰው የተማረው እንዲህ እየተፍጨረጨረ ነው።
የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ለምን በቀጥታ? ተቀርጾ ቢቀመጥ ሁሉም በተመቸው ሰዓት ያየዋል። መብራት የጠፋበትም አያመልጠውም።

ካታሎገር፣ አዲስ አበባ፦
የተቀረጸውማ ሞልቷል። የኮሃ ቪዲዮ ዩቲዩብ ላይ ስንት አለ! የኢንዲኬተሩን ጉዳይ ግን የሚመልስልሽ የለም፤ ፈረንጁ ችግራችንን አያውቀውም። ሥራ ሲይዝሽ የምትጠይቂው ሰው ነው የሚያስፈልገው። ይቀረጽ፣ ግን የሚጠየቅ ሰው ይኑር። መጽሐፍ መስፋቱ በአካል ይሁን፤ እሱ ላይ ተረትቻለሁ።

ጡረታ የወጡ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ፦
ልጆቼ፣ እኔም ልናገር። በአካል መገናኘትን አትናቁት። በ1990 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአፍሪካ የመረጃ ጥናት ትምህርት ቤት ሲከፈት ሰው ከሌላ አገር ድረስ እየመጣ ይማር ነበር። ሙያችን ያደገው እንዲህ ሰው ከሰው ጋር ተቀምጦ ነው። ዛሬም አንዱ የከበደውን ሌላው በቡና ሰዓት ይፈታለታል።
ሌላው የዕድገት ጉዳይ ነው። በየሳምንቱ የሰማችሁት 1 ሰዓት የግል ማኅደራችሁ ውስጥ ካልገባ ለደረጃ ዕድገት ስትወዳደሩ ማን ይቆጥርላችኋል? የሆቴሉ ሰርተፍኬት ቢያንስ ይቆጠራል።

ካታሎገር፣ አዲስ አበባ፦
ጋሼ፣ ይህ ትልቅ ነጥብ ነው፤ እኔም አላሰብኩትም ነበር። እንግዲያው 3 ነገር ይሟላ። ሰዓቱ የሥራ ሰዓት ተብሎ በደብዳቤ ይጻፍ። ዳታውን መሥሪያ ቤቱ ይክፈል፤ ለአንድ ሰው አበልና ትራንስፖርት የሚወጣው ለብዙ ሰው ዳታ ይበቃል። የተከታተለውም ማኅደሩ ላይ ይመዝገብለት። እነዚህ ከሌሉ እኔም አልደግፈውም፤ ምሽት ላይ ቤቷ ልጅ ታቅፋ ተከታተይ ማለት ግፍ ነው።

የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ፣ ደቡብ ወሎ፦
እሺ፣ ደብዳቤው ተጻፈ እንበል። እኔ ብቻዬን ነኝ። ዓርብ በ9 ሰዓት ተማሪ ሞልቶ እያለ ቤተ መጻሕፍቱን ልዝጋው? ርዕሰ መምህሩ ሲጠይቁኝ ምን ልበላቸው?

ካታሎገር፣ አዲስ አበባ፦
ዝጋው። ከሳምንት በፊት በሩ ላይ ለጥፍበት፤ መጽሐፍ የሚፈልግ ቀድሞ ይዋስ። መምህራን ሥልጠና ሲኖራቸው ትምህርት ይዘጋ የለ? የእኛም ሙያ ነው። ርዕሰ መምህሩን እንዲሁ በላቸው።

የአይቲ ባለሙያ፣ ዩኒቨርሲቲ፦
መዝጋቱን እኔ አልስማማበትም። ዓርብ ከሰዓት ብዙ ልጅ ሌላ ማንበቢያ ቦታ የለውም። ሰዓቱ ወደ ጠዋት 2 ይምጣ፣ ተማሪ ክፍል ሲገባ።