የጃክሰን እስስት ግልገሎች በተወለዱ በሳምንታቸው ለምን ይሞታሉ?

ጥያቄ፦
ባለ ሦስት ቀንድ ከሚባለው የጃክሰን ዝርያ የሆነችው እስስቴ ከዘጠኝ ቀን በፊት 17 ግልገሎች ወልዳ ነበር፤ ዛሬ የቀሩት 11 ናቸው። ሁሉንም በአንድ የመስታወት ሣጥን አኑሬ፣ እንዳይበርዳቸው በመስጋት የሙቀት አምፖሉን ቀንም ሌሊትም አበራለሁ፤ ውኃም በሣሕን አስቀምጫለሁ። የሞቱት ከመሞታቸው በፊት ዓይናቸው ጎድጉዶ፣ በጠራራ ቀን ጨፍነው ይውሉ ነበር። ጥፋቴ ምግቡ ላይ ይሆን? ደግሞስ እናታቸው ከወንዱ ከተለየች ዓመት ሊሞላት ሲል እንዴት ወለደች?

መልስ፦
የጎደጎደ ዓይን በአብዛኛው የውኃ እጥረት ምልክት ነው፤ ለዚህ ያበቃቸው ግን አምፖሉ ይመስለኛል። እነዚህ እስስቶች የኬንያና የታንዛኒያ ደጋ ተወላጆች ስለሆኑ የሌሊት ቅዝቃዜ ያስፈልጋቸዋል፤ ትንሽ አካል ደግሞ ፈጥኖ ይግላል፣ ፈጥኖም ይደርቃል። ቀን ከ21 እስከ 25 ዲግሪ ሴልሺየስ ይበቃቸዋል፣ ሌሊት አምፖሉን ያጥፉት። ሣሕኑንም ያንሡት፤ እስስት የሚጠጣው ቅጠል ላይ የሚያብለጨልጭ ጠብታ ሲያይ ነው። አንድ ግልገል ስከታተል ጠብታውን በአንድ ዓይኑ፣ ቆይቶም በሁለቱ ካጤነ በኋላ ነበር አፉን ያስጠጋው፤ ስለዚህ በጠዋትና በማታ በደቃቁ ሲረጩላቸው ደቂቃዎች ይታገሡ።

ሌላ መልስ፦
በሙቀቱ እስማማለሁ፤ ሆኖም መጨናነቁም ቀላል ነገር አይደለም። ግልገሎች ሳይነካኩ እንኳ መተያየታቸው ብቻ ያስጨንቃቸዋልና ደካማው መብላት ያቆማል፤ በሦስትና በአራት ከፋፍለው፣ ቅጠል በበዛበትና አየር በሚዘዋወርበት ሣጥን ያኑሯቸው። ምግባቸው የማይበር የፍራፍሬ ዝንብና በሁለቱ ዓይኖቻቸው መካከል ካለው ስፋት የማይበልጥ ነፍሳት ይሁን፣ ካልሲየምም በስሱ ይነስንሱበት። ቫይታሚኑን ግን አያብዙ፤ የደጋ እስስቶች ሲበዛባቸው አንገታቸው ሥር ያብጣሉ። ልደቱን በተመለከተ፣ ሴቷ የወንዱን ዘር በአካሏ አቆይታ ከወንድ ጋር እንደገና ሳትገናኝ ደግማ መውለድ ትችላለች፤ ከእርግዝናው ርዝመት ጋር ሲታይ የእርስዎዋ እንግዳ ነገር አላደረገችም።

ጠያቂው፦
አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ አምፖሉን አጥፍቼ፣ በሦስት ሣጥን ከፋፈልኳቸው። ዛሬ ጠዋት ስረጭ ከሁሉ የከሳው ቅጠል ላይ አፉን ለጥፎ ለረጅም ጊዜ ጠጣ፤ ዝንብ ግን ገና አልቀመሰም።