ለታዳጊ የሆኪ ተጫዋቾች የ«ፈጣን ሩጫ» ወሰን ስንት ላይ ይሁን?

የምኖረው ኔዘርላንድስ ነው። ከ14 ዓመት በታች የሴቶች የሜዳ ሆኪ ቡድን አሠለጥናለሁ። ክለቡ 6 የጂፒኤስ መሣሪያ ገዝቶልናል፤ ጀርባው ላይ ኪስ ባለው ጠባብ ሰደርያ ነው የሚለበሱት። በሰከንድ 10 ጊዜ ይመዘግባሉ። የምፈልገው ልጆቹ ከአቅማቸው በላይ ሮጠው እንዳይጎዱብኝ ጫናቸውን ማወቅ ነው።

መጀመሪያ ያስቸገረን ቅያሪው ነበር። ሆኪ ላይ ቅያሪ ገደብ የለውም፤ ልጆቹ እየወጡ እየገቡ ነው የሚጫወቱት። መሣሪያው ግን ወንበር ላይ የተቀመጡበትንም ደቂቃ ይቆጥራል። የወጡበትን ሰዓት እየጻፍኩ ስቀንሰው አንዷ ልጅ በደቂቃ በአማካይ የሮጠችው ርቀት ከ64 ሜትር ወደ 101 ዘለለ። እሱ ተፈታ። የእጅ ሰዓት የልብ ምትም ሞክረናል፤ ዱላውን ጨብጠው ሲመቱ ንባቡ ስለሚዘባረቅ ተውነው።

የከበደኝ የፍጥነት ወሰኑ ነው። ሶፍትዌሩ «ፈጣን ሩጫ» የሚለው በሰዓት ከ19.8 ኪሎ ሜትር በላይ ያለውን ነው። ይሄ የአዋቂ ልክ ነው። በዚህ ከሄድን ግማሾቹ ዜሮ ናቸው። ወደ 15 ሳወርደው ደግሞ ቀድመው ያደጉት ብቻ የለፉ ይመስላል። ገና ቁመት ያልጣለችው የክንፍ ተጫዋቻችን ትንፋሿ እስኪቆረጥ ሮጣ ወረቀቱ ላይ ሰነፍ ሆና ትታያለች። ልጅቷን መበደል ነው።

የሁሉንም የ30 ሜትር ሩጫ ፍጥነት ለክቼ ይዣለሁ። በዚህ ዕድሜ የሠራችሁ፣ ወሰኑን ከእያንዳንዷ የራሷ ከፍተኛ ፍጥነት ስንት በመቶው ላይ ስታደርጉት ነው ልፋቷን በትክክል ያሳያችሁ?