ስኖውሞቢል ነድቼ ዊልደርነስ ውስጥ ገባሁና የፌዴራል ቲኬት ተሰጠኝ፣ ምን ላድርግ?

ጠያቂው፣ ሚኒያፖሊስ

ሰላም የዚህ ቤት ሰዎች፣ ብርዱን እንዴት ይዛችሁታል። ባለፈው ቅዳሜ የሥራ ባልደረባዬ ና ሰሜን ሚኒሶታ ኢሊ አካባቢ በስኖውሞቢል፣ በዚያ በረዶ ላይ በሚነዳው ሞተር፣ እንንሸራሸር አለኝ፣ ዘጠኝ ዓመት ሚኒሶታ ስኖር ከበረዶ ጋር ያለኝ ትውውቅ በአካፋ ብቻ ስለሆነ እሺ ብዬ ሄድኩ። ተከራየን፣ አከራዩ ካርታም ሰጥቶኝ ነበር፣ አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩት። ትሬይሉን ይዘን ስንሄድ ስንሄድ ሐይቅ ላይ ወጣን፣ ሐይቅ ስላችሁ ጃን ሜዳን አሥር ጊዜ አስፍታችሁ ነጭ ቀለም ቀቡት፣ አጥር የለ ሰው የለ፣ ለቀቅኩት። ከማዶ በውሻ የሚጎተት ሸርተቴ የያዙ ሁለት ሰዎች እጃቸውን ሲያወዛውዙልኝ እኔም በደስታ አወዛወዝኩላቸው። ለካ ተመለስ እያሉኝ ነው! ዞሬ ስመለስ ዳር ላይ አንድ የደን ፖሊስ ቆሞ ይጠብቀኛል፣ ዛፍ ላይ የተመታች ትንሽ ምልክት አሳየኝ፣ ግማሿን በረዶ ሸፍኗታል። ከዚያ በስልኩ መስመሩን አሳየኝና ቲኬቱን ጻፈ።

ጥያቄዬ፣ ዝም ብዬ ከፍዬ ልገላገል? በጸደይ ለሲቲዝንሺፕ ላመለክት ነው። ደሞ እውነት ለመናገር በረዶ ላይ ሄጄ ምን አጠፋሁ?

ጋሽ ዱሉት

ልጄ፣ የገባህበት ባውንደሪ ዋተርስ ነው፣ 1.1 ሚሊዮን ኤከር የሚሆን ዊልደርነስ፣ ማለት እንደ ተፈጥሮው እንዲቆይ በሕግ የተከለለ ዱር። በፈረንጅ 1964 የወጣው የዊልደርነስ ሕግ እንዲህ ባለ ቦታ ሞተር ያለው ነገር አይግባ ይላል፣ ብስክሌት እንኳ አይፈቀድም፣ የደን ሠራተኞቹ ራሳቸው የወደቀ ዛፍ የሚቆርጡት ለሁለት በሚሳብ የእጅ መጋዝ ነው። እዚህ ግን ስኖውሞቢሉ ቶሎ አልቆመም፣ በ1978 ሌላ ሕግ ወጥቶ ነው የተከለከለው፣ ወደ ካናዳ ከሚያሻግሩ አንድ ሁለት መንገዶች በቀር። የሚገርመው ፖላሪስም አርክቲክ ካትም የተወለዱት እዚሁ ሚኒሶታ ነው፣ አገሩ የስኖውሞቢል አገር ነው እኮ።

ምን አጠፋሁ ላልከው፣ በረዶ በሆነ ሐይቅ ላይ የሞተር ድምፅ ምን ያህል እንደሚሄድ አታውቅም። እኔ አሥራ አንድ ክረምት እዛ ዓሣ አጥምጃለሁ፣ በረዶውን በስቼ ዝም ብዬ ስቀመጥ ያንተ ዓይነቱ ገና ሳይታይ ይሰማኛል። ሙስ የሚባለው ትልቅ አውሬ ደግሞ ክረምቱን በበጋ ባጠራቀመው ስብ ነው የሚገፋው፣ ባሯሯጥከው ቁጥር ከዚያ ላይ ነው የሚቀንሰው። በነገራችን ላይ ሴፍቲ ሰርተፊኬት ነበረህ? ከ1976 በኋላ ለተወለደ የሚኒሶታ ነዋሪ ግዴታ ነው።

የአውሮራው

አላወቅኩም ብለህ ለመከራከር እንዳታስብ ወንድሜ። ቦቢ አንሰርን ታውቀዋለህ? ኢንዲ 500 የሚባለውን የመኪና ውድድር ሦስት ጊዜ ያሸነፈው ሹፌር። በ1996 መጨረሻ ላይ በኮሎራዶና በኒው ሜክሲኮ ድንበር ከጓደኛው ጋር በስኖውሞቢል ወጥቶ በረዶ አውሎ ነፋስ ያዛቸው፣ ጠፉ፣ ለትንሽ ነው ከሞት የተረፉት። ከዳነ በኋላ የቀረች ስኖውሞቢሉን ፈልጉልኝ ብሎ ራሱ ደን አገልግሎቱ ጋ ሄደ፣ እነሱ ደግሞ የት እንደነበር ካወጣጡት በኋላ ዊልደርነስ ውስጥ ነድተሃል ብለው ከሰሱት። እስከ 5,000 ዶላርና 6 ወር እስር ሊያስቀጣ ይችል ነበር፣ የተፈረደበት 75 ዶላር። ሰውየው በእልህ ይግባኝ አለ፣ ይግባኝ ሰሚውም በ1999 መስመሩን ማለፍህን ማወቅህ አያስፈልግም፣ ተገድጄ ነው ካልክም አስረዳ ብሎ አጸናበት። ለ75 ዶላር ስንት ጠበቃ እንደከፈለ እሱ ነው የሚያውቀው።

እህታችሁ ከሴንት ፖል

ጋሼ ያሉት ልክ ሆኖ የኢሊን ሰው ግን አትርሱት። አያቱ በሠራው ጎጆ፣ አባቱ ዓሣ ባጠመደበት ሐይቅ ላይ ነው ከከተማ የመጣ ሰው ሞተርህን አጥፋ ያለው። በ1977 ስለ ሕጉ ኢሊ ውስጥ የሕዝብ ውይይት ሲደረግ የዊልደርነሱን ደጋፊ ሲገርድ ኦልሰንን የሚመስል አሻንጉሊት ሠርተው ሰቅለዋል፣ ሰውየው የዚያው ከተማ ነዋሪ እኮ ነው! ደሞ አንዳንድ ሐይቅ ላይ ሞተር ጀልባ እስከ ዛሬ ይፈቀዳል፣ ታዲያ የበጋው ሞተር ድምፅ የለውም? እኔ ሰሜን ተራሮችን ሳስብ የግጭ መንደር ሰዎች ነው የሚመጡብኝ፣ ለፓርኩ ሲባል በፈረንጅ 2016 ከነከብታቸው ተነስተው ደባርቅ የሄዱት። ጥበቃውን አልቃወምም፣ ግን ሒሳቡን ሁሌ አንድ ወገን ሲከፍል ያናድደኛል።

ያም ሆኖ አንተ የኢሊ ሰው አይደለህም፣ ተከራይተህ ነው የገባኸው 😄 ክፈል።

የፎርም ሰው

ስለ ሲቲዝንሺፑ ማንም አልመለሰልህም። ኤን-400 የሚባለው የሲቲዝንሺፕ ማመልከቻ ፎርም ላይ ያለው ጥያቄ ታስረሃል ወይ ብቻ አይደለም፣ ሳይቴሽን (የጥፋት ቲኬት) ተሰጥቶህ ያውቃል ወይ ይላል፣ የተሰጠህ ደግሞ እሱው ነው። ከፍለህ ብትዘጋውም አዎ ማለት አለብህ፣ ይቺ ቲኬት ለብቻዋ ብዙ ላትጎዳህ ትችላለች፣ የሚጎዳህ ደብቀህ ሲያገኙት ነው። የክፍያ ደረሰኙንና ጉዳዩ መዘጋቱን የሚያሳየውን ወረቀት አስቀምጥ። ቲኬቱ ላይ የቅጣቱ መጠን ተጽፎ በፖስታ ክፈል የሚል ካለ አንድ ነገር ነው፣ ዳኛ ፊት ቅረብ የሚል ካለ ግን እንዳትቀር፣ የእስር ማዘዣ ጣጣ ያመጣብሃል። ከመክፈልህ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ለግማሽ ሰዓት አናግር።

ጠያቂው፣ ሚኒያፖሊስ

ጋሼ ያክብርልኝ፣ ሰርተፊኬት የለኝም፣ እሱን ስላልጠየቀኝ ዝም ብያለሁ። ወረቀቱን አየሁት፣ መጠን ተጽፎበታል፣ ሰኞ ጠበቃ ደውዬ እከፍላለሁ። ባልደረባዬ ቲኬት አልተሰጠውም፣ ምልክቷ ጋ ቆሞ ቀርቷል። ለምን አትነግረኝም ብለው፣ ጉሮሮዬ እስኪነቃ ጮኼልህ ነበር፣ ያ ሞተር አላሰማህም አለኝ።