ልጅዎ ከሰርግና ከክርስትና ስለ መቅረቷ፦ ከአንዲት የቀድሞ የፕሪ-ሜድ ተማሪ የተሰጠ መልስ

ውድ እትዬ፣ ፕሪ-ሜድ (ለሕክምና ትምህርት ቤት የሚያዘጋጀውን የኮሌጅ ትምህርት) የምትማረው ልጅዎ ሁለተኛ ዓመት ከገባች ወዲህ ከሰርግም ከክርስትናም መቅረቷ እንዳሳሰበዎት ጽፈዋል። እኔም በዚያው መንገድ አልፌ አሁን ሬዚደንሲ (ከሕክምና ትምህርት በኋላ ያለው የሆስፒታል ሥልጠና) ላይ ስለምገኝ ጥያቄዎን አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም።

አገር ቤት ሕክምና የደረሰው ልጅ ትምህርቱን ሲጀምር ዋናውን ፉክክር አልፎታል። እዚህ አሜሪካ ግን አራቱ የኮሌጅ ዓመታት በሙሉ የሕክምና ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና ናቸው ማለት ይቻላል፤ ባዮሎጂው፣ ፊዚክሱ፣ ሁለት ሴሚስተር የሚፈጀው ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ከነላቡ፣ በዚያ ላይ የሆስፒታል በጎ ፈቃድ አገልግሎቱና ከነዕረፍቱ ሰባት ሰዓት ተኩል ገደማ የሚወስደው የሕክምና ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና፣ ኤምካት፣ አለ። ማመልከቻውም የሕክምና ትምህርቱ ከመጀመሩ ከአንድ ዓመት በላይ አስቀድሞ ስለሚገባ፣ የሁለተኛ ዓመት ውጤቷ ከወዲሁ ይቆጠራል።

ሆኖም ከሰው ተለይቶ ማጥናት እንደማያዋጣ በራሴ አይቻለሁ። ኦርጋኒክ በወሰድኩበት ዓመት አያቴ ሲያርፉ እንኳ ለቅሶ ቤት አንድ ሰዓት ብቻ ተቀምጬ ወደ ቤተ መጻሕፍት ተመለስኩ፤ ዛሬም ይቆጨኛል። ውጤቴም አልተሻሻለም። የተሻሻለው ከሁለት የአገሬ ልጆች ጋር ማክሰኞና ሐሙስ ማታ ተገናኝተን፣ እያንዳንዱን ሪአክሽን (ኬሚካላዊ ለውጥ) ሰሌዳ ላይ እየጻፍን እርስ በርስ ማስረዳት ከጀመርን በኋላ ነው። ጥናቱ ሲያበቃ አንዳችን ከቤት ያመጣነውን እንጀራ አብረን እንበላ ነበር፤ ጓደኝነታችንም በዚያው ጸና።

የእርስዎ ድርሻ ግን ሌላ ነው። የእኛ ግብዣ መምጫ እንጂ መሄጃ ሰዓት የለውም፤ ሴት ልጅ ስትሆን ደግሞ ከገባችበት ደቂቃ ጀምሮ ቡና ማፍላትና እንግዳ ማስተናገድ ይጠብቃታል። ወንድሟ መጽሐፉን ይዞ ወደ ክፍሉ ቢገባ «ጎበዝ» ይባላል፣ እርሷ ብታደርገው ግን «ኮራች» ትባላለች። ይህ በብዙ ቤት ያየሁት ነውና፣ እባክዎን እንግዶቹ ፊት እርስዎ ራስዎ ይናገሩላት፤ «ሁለት ሰዓት ተቀምጣ ትሄዳለች» የሚለው ቃል ከእናት አፍ ሲወጣ ማንም አይቀየምም።

በዓላቱም እኩል አይከብዱም። ገና ብዙ ጊዜ በሁለቱ ሴሚስተሮች መካከል ባለው ዕረፍት ላይ ስለሚውል ያን ጊዜ ዘመድ ሁሉ ሊጠግባት ይችላል። ፋሲካ ግን እ.ኤ.አ. በ2024 ሜይ 5 ቀን ሲውል ብዙ ኮሌጆች ማጠቃለያ ፈተና ላይ ነበሩ፤ እንዲህ ባለ ዓመት ጠዋት አብራችሁ ፈስካ ከሰዓት በኋላ ወደ ጥናቷ ብትመለስ ቅር አይበልዎት። በየሴሚስተሩ መጀመሪያ የፈተና ቀኖቿን ጽፋ እንድትሰጥዎት ይጠይቋትና ፍሪጁ ላይ ይለጥፉት፤ የቤትዎን ማኅበር ቀን ሲቆርጡም አስቀድመው እርሱን ይመልከቱ።