ከሁለት ሕፃናት ጋር ቤትን በሥርዓት ስለ መያዝ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ (የሁለት ልጆች እናት፣ ሳሙና በር)

ጤና ይስጥልኝ። የአራት ዓመት ወንድ ልጅና የአንድ ዓመት ከአምስት ወር ሴት ልጅ አሉኝ። የምንኖረው በተከራየናቸው ሁለት ክፍሎች ሲሆን ወጥ ቤቱን በግቢው ካለች ሌላ ተከራይ ጋር በጋራ እንጠቀማለን። እኔ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነኝ፤ ባለቤቴ የጭነት መኪና ሹፌር በመሆኑ በሳምንት ውስጥ ቤቱ የሚያድረው ቢበዛ ሁለት ሌሊት ነው። ሥራ ስውል ልጆቹን አንዲት ዘመዴ ትይዝልኛለች፤ እርሷም ሲመሽ ወደ ትምህርቷ ትሄዳለች።

የቸገረኝ የቤቱ መቆሸሽ ሳይሆን የትኛው ዕቃ የት እንዳለ አለመታወቁ ነው። ውኃ በሰፈራችን የሚመጣው በፈረቃ ስለሆነ የልጆቹ ልብስ ከአልጋው ግርጌ ተከምሮ ይሰነብትና፣ በመጣ ቀን ሁሉንም በአንድ ጊዜ ለማጠብ ስል እኩለ ሌሊት ድረስ እቆማለሁ። ጠዋት ጠዋት የልጁ ጫማ አንድ እግሩ ይጠፋል፤ ሁለቱም አንድ ላይ ጠፍተው ግን አያውቁም። ባለፈው ሳምንት የልጅቷን የክትባት ካርድ ስፈልግ አምሽቼ ከመሶቡ ሥር አገኘሁት፤ ገልጬ ሳየውም የአሥራ አምስት ወሯ ቀጠሮ አልፎ ኖሯል። በዚህ ላይ የገና ጾም በመሆኑ ለእኛ የጾም፣ ለልጆቹ የፍስክ እያልሁ በየማታው ሁለት ጊዜ እሠራለሁ። ጥምቀት ሲደርስ ደግሞ እንደ ማንኛውም የጎንደር ቤት እንግዳ ይመጣብናል። ከየት ልጀምር?

መልስ (የሦስት ልጆች እናት፣ አዘዞ)

እኅቴ፣ ከውኃው ጀምሪ። እኛ ዘንድ የቤት ሥራ ዕቅድ የሚወጣው ከሰኞ እስከ እሑድ ተብሎ ሳይሆን ከውኃ እስከ ውኃ ነው። እኔ ግድግዳ ላይ የለጠፍሁትን የሳምንት ፕሮግራም ሦስት ጊዜ ቀድጄ ጥያለሁ፤ ማክሰኞ እጥበት ብዬ እጽፋለሁ፣ ማክሰኞ ቧንቧው አየር ሲተፋ ይውላል።

አሁን ልብሱን በአንድ ቦታ አልከምርም። ከበሩ ጀርባ ሁለት ማዳበሪያ ሰቅዬ በአንደኛው ሽንትና ምግብ የነካውን፣ በሁለተኛው አቧራ ብቻ ያለበትን አስቀምጣለሁ። የመጀመሪያው ውኃ እስኪመጣ አይቆይም፤ ልጆቹ ገላቸውን በታጠቡበት ውኃ ይዘፈዘፍና በዚያው ማታ በትንሽ ሳፋ ታጥቦ ይሰጣል፣ ዕጣቢውም ሽንት ቤት ይደፋል። ሁለተኛው ግን ቧንቧው የሚፈስበትን ቀን ይጠብቃል። ያ ቀን ሲመጣ ተራውን አላዛባም፦ አስቀድሞ የመጠጡና የወጡ ጀሪካኖች ታጥበው ይሞላሉ፣ ከዚያ በርሜሉ፣ ልብስ የሚቀርበው ከሁሉ በኋላ ነው። ቀድሞ በልብሱ እየጀመርሁ ስንቴ ውኃው ሄዶብኝ የሚጠጣ አጥቼ ከጎረቤት እንደ ለመንሁ እኔ አውቃለሁ። የመጠጡ ጀሪካን አንገት ላይ ቀይ ክር ስላሠርሁበት ቤት ውስጥ ያለ ሁሉ ሳይጠይቅ ይለየዋል።

አሁን በጋ ስለሆነ የልጆች ስስ ልብስ ጠዋት ከተሰጣ ከሰዓት በኋላ ይደርሳል፤ ስለዚህ ብዙ ቅያሪ አያስፈልግሽም። ለእያንዳንዳቸው ስድስት ሰባት ሙሉ ልብስ አስቀርተሽ የቀረውን በማዳበሪያ ቋጥረሽ አልጋ ሥር አስገቢው፤ ክረምት ሲገባ ታወጪዋለሽ። አደራ የምልሽ የበርሜሉን ነገር ነው፤ ክዳን ይኑረው፣ ክዳኑም በገመድ ይታሰር። መራመድ ለጀመረች ልጅ በርሜል ቀርቶ ባልዲ ውስጥ የቀረ ውኃም ያሰጋል።

መልስ (የመንትዮች አባት፣ ማራኪ)

የጫማውን ምሥጢር እኔ ደርሼበታለሁ። አንድ ማታ ምንም ሳልናገር ተቀምጬ ብመለከት፣ ልጆቼ አንዱን እግር በር ላይ ያወልቁና ሌላውን ሮጠው ከገቡ በኋላ ሶፋው ሥር ይጥሉታል። ስለዚህ ከደፉ አጠገብ አንድ ዝቅ ያለ ካርቶን አስቀምጬ፣ ልጆቹን ካርቶኑ ውስጥ አቁሜ በእግራቸው ዙሪያ በእስክሪብቶ አሠመርሁበት። ጫማቸውን ከመስመሩ ጋር ማግጠም ጨዋታ ሆነላቸው፤ ለአራት ዓመት ልጅ «ጫማህን ቦታው አስቀምጥ» ከሚለው ትእዛዝ ይልቅ ቦታውን በዓይኑ ማየት ይቀለዋል።

ልብሱን በተመለከተ እሑድ ማታ የአምስት ቀኑን በአምስት ጥቅል አዘጋጃለሁ፤ ካልሲው ሳይቀር ሹራቡ ውስጥ ይጠቀለላል፣ ጠዋት አንድ ጥቅል አንሥቶ መልበስ ብቻ ይሆናል። ይህን ሥራ ግን እርስዎ እንዲሠሩት አልመክርም። ባለቤትዎ ቤት የሚያድሩባቸው ሁለት ሌሊቶች የእንግድነት እንዳይሆኑ ለእርሳቸው ይስጧቸው፤ ሹፌር ጭነት ማሰር ያውቅበታል።

መልስ (የጤና ባለሙያ)

የ15 ወሩ ቀጠሮ የኩፍኝ ክትባት ሁለተኛ ዙር ነው። የ9 ወሩን ወስዳ ከሆነ ሁለተኛውን አሁን ትወስዳለች፤ ቀኑ ስላለፈ ከመጀመሪያ እንደ አዲስ አይጀመርምና ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዷት። ካርዱን በላስቲክ ከትተው ከቁም ሳጥኑ በር በውስጥ በኩል በምስማር ይስቀሉት፤ መሳቢያ ውስጥ ከገባ ተመልሶ መሶብ ሥር መሄዱ አይቀርም።

ስለ ምግቡም አንድ ቃል ልበል። በዚህ ዕድሜ ያለች ልጅ ከጡት ወተት ጎን ለጎን እንቁላልና የወተት ውጤት የመሳሰለው ያስፈልጋታልና በጾም ምክንያት አይቀንሱባት። ብዙ እናቶች የሚጨነቁት ድስቱ ፍስክ እንዳይነካው ነው። ለልጆቹ ብቻ የሚሆን አንዲት ትንሽ ድስት ከነማንኪያዋ ለይተው ቢይዙ ጭንቀቱም ይቀርልዎታል፣ በየማታው ዕቃ እየደጋገሙ ከማጠብም ያርፋሉ። ዕቃ በሚያደራጁበት ጊዜም በረኪናን በባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ከማስቀመጥ ይጠንቀቁ፤ ልጆች ውኃ መስሏቸው ይጠጡታል።

መልስ (አያት፣ ቁስቋም፤ የጻፈችልኝ የልጅ ልጄ ናት)

ልጄ፣ ሁለት ጊዜ መሥራትሽ ለምንድን ነው? ቅዳሜ ከገበያ ስትመለሺ ሽንኩርቱን በዘይት በደንብ አቁላልተሽ፣ በርበሬ ሳይገባበት አብርደሽ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጪው። ሦስት አራት ማታ ከእርሱ እየጨለፍሽ ሽሮም ምስርም ትጥያለሽ፤ የልጆቹን አልጫ ቀንሰሽ ካወጣሽ በኋላ በእናንተ ላይ በርበሬውን ጨምሪ። እንቁላሉ በዚያች በትንሿ ድስት ይቀቀልላቸው።

እንጀራውን ከተከራይዋ ጋር ተነጋገሩበት። በዚህ ብርድ ሊጥ ቶሎ አይነሣም፤ ሐሙስ ማታ ሁለታችሁም አቡኩ፣ እሑድ ጠዋት አንድ ምጣድ ጣዱ። አንዷ ስትጋግር ሌላዋ ልጆቹን ትይዛለች። እኛ ድሮ እንዲያ ነበር የምናደርገው፤ ማን ብቻውን ልጅ ያሳድጋል?

ስለ ጥምቀቱ አትጨነቂ። እንግዳው ከጥር 10 ከከተራው ጀምሮ እስከ 12 ከታቦቱ ጋር ነው ውሎው፤ ማታ ደክሞት ሲገባ የሚጠይቅሽ የእግር ውኃና መኝታ ነው። ቁም ሳጥንሽን ከፍቶ የሚያይ የለም።

ጠያቂዋ ከሁለት ሳምንት በኋላ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ልጅቷ ተከትባለች፤ ካርዱም ቁም ሳጥኑ በር ላይ ተሰቅሏል። ማዳበሪያዎቹ ከሁሉ በላይ ጠቅመውኛል፤ ባለፈው ውኃ በመጣ ቀን ከምሽቱ አራት ሰዓት ሳይሞላ ጨርሼ ተኝቻለሁ። ለመጠጡ ጀሪካን ቀይ ክር ስላጣሁ፣ ጓደኛው ጠፍቶ የቀረውን ጫማ ማሰሪያ ፈትቼ አሥሬበታለሁ። የእንጀራው ጉዳይ ገና አልተስተካከለም፤ ባለፈው እሑድ መብራት ጠፍቶብን ሊጡ ኮምጥጦ ስላደረ፣ ለሁልጊዜው የማገዶ ምጣዱንም አዘጋጅተን እንድንይዝ ከጎረቤቴ ጋር ተስማምተናል።

ባለቤቴ ጥቅሎቹን እንደ ጭነት ሸራ አጥብቆ ስለሚያስራቸው ጠዋት ለመፍታት ጥርስ ያስፈልጋል። የጫማውን ካርቶን ደግሞ ልጁ መኪና አድርጎ እኅቱን እየጫነ ስለሚጎትተው ደፉ ላይ አይገኝም። ሆኖም ጫማዎቹ ሁለቱም ውስጡ ስለሚሆኑ፣ አሁን ጠዋት ጠዋት የምፈልገው ካርቶኑን ብቻ ነው።