ኮዬ ፈጬ ላይ የራስን የማስቶዶን ሰርቨር ማቆም፦ አይፒ፣ መብራት፣ ዶሜይን

ብሎክ_ኮሚቴ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ኮንዶሚኒየማችን ውስጥ ለ150 ሰው ገደማ በማስቶዶን፣ ማለትም ማንም በራሱ ሰርቨር ላይ ሊያቆመው በሚችል ነፃ ሶፍትዌር፣ የራሳችንን ማኅበራዊ መረብ ልናቆም ነው፤ ከሌሎች የማስቶዶን ሰርቨሮች ጋርም እንዲገናኝ እንፈልጋለን። ያለን 8 ጊጋ ራምና 256 ጊጋ ኤስኤስዲ ያለው ዴስክቶፕ፣ እንዲሁም የቤት ፋይበር ነው። መብራት አንዳንዴ ግማሽ ቀን ይጠፋል። ራውተሩ ላይ ፖርት 443 (የድረ ገጽ ጥያቄ የሚገባበትን በር) ብንከፍትም ከውጭ አይገባም። ምን ይሻላል?

ገመድ_ዘርጊ፦
ራውተሩን አትውቀሱ። ገጹ ላይ የሚታየውን የውጭ አይፒ (የኢንተርኔት አድራሻ) እዩት፤ ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ውስጥ ከሆነ ወይም በ10 ከጀመረ፣ አንድ የሕዝብ አይፒ ከብዙ ደንበኞች ጋር እየተጋራችሁ ነው። ፖርት ብትከፍቱም ከውጭ የመጣው ጥያቄ እናንተ ጋ ሳይደርስ ይቀራል። ወይ ከአቅራቢው ቋሚ የሕዝብ አይፒ ጠይቁ፣ ወይ ትንሽ ቪፒኤስ (የሕዝብ አይፒ ያለው የኪራይ ሰርቨር) ተከራይታችሁ ከቤቱ ማሽን ጋር በዋየርጋርድ (በተመሰጠረ የቪፒኤን መስመር) አገናኙ። ግንኙነቱን የሚጀምረው የቤቱ ማሽን ይሁን፤ በየ25 ሰከንዱ ምልክት ካልላከ መስመሩ ጸጥ ሲል ይዘጋል። ጉዳቱንም እወቁት፦ ቪፒኤሱ ውጭ አገር ከሆነ ጎረቤት ለጎረቤት የጻፈው ሁሉ ባሕር ተሻግሮ ይመለሳል።

ማታ_ሰርቨር፦
የግማሽ ቀን መጥፋት ከሌሎች ሰርቨሮች አያቆራርጣችሁም፤ ላኪው የማስቶዶን ሰርቨር ያልደረሰለትን መልእክት ክፍተቱን እያሰፋ ደጋግሞ ይልካል። በ7 የተለያዩ ቀናት ሞክሮ አንዴም ካልተሳካለት ግን ጠፍታችኋል ብሎ መላክ ያቆማል፤ ያመለጣችሁ ልጥፍም በኋላ በራሱ አይመጣም።

ይልቅ የሚያሳስበኝ ዳታቤዙ ነው። ማስቶዶን የሚጠቀምበት ዳታቤዝ፣ ፖስትግሬስ፣ ድንገተኛ መጥፋትን ይችላል፣ ዲስኩ ያልጻፈውን «ጽፌያለሁ» ካለው ግን ይበላሻል፤ ርካሽ ኤስኤስዲ ይህን ያደርጋል። ባትሪው ሊያልቅ ሲል ማሽኑን በሥርዓት የሚያጠፋ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚተካ የባትሪ መሣሪያ) ግዙ፤ መብራት ሲመለስ ማሽኑ ራሱ እንዲነሳም ባዮስ (ማሽኑ ሲነሳ የሚገባበት ማስተካከያ) ላይ አስተካክሉ። ሒሳቡ እንዲህ ነው፦ ባለ 12 ቮልት፣ 100 አምፒር-ሰዓት የእርሳስ ባትሪ 1200 ዋት-ሰዓት ይይዛል። ዕድሜው እንዳያጥር ግማሹን ብቻ ተጠቀሙ፤ ዴስክቶፑና ራውተሩ 70 ዋት ከወሰዱ፣ የኢንቨርተሩ ብክነት ተቀንሶ 7 ሰዓት ገደማ ያቆያል።

ዶሜይን_ጠባቂ፦
ሌላው ሁሉ በኋላ ይስተካከላል፤ ዶሜይኑ (የሰርቨሩ የኢንተርኔት ስም) ግን ሰው ከተመዘገበ በኋላ አይቀየርም፣ ሌሎች ሰርቨሮች የሚያውቋችሁ በእሱ ነውና። እድሳቱ የሚሰናከለው ብዙ ጊዜ በውጭ ምንዛሪ ክፍያ ስለሆነ የብዙ ዓመቱን በአንዴ ክፈሉ።

ሰው ወደ ሌላ ሰርቨር ሲዛወር ተከታዮቹ ይከተሉታል፣ ልጥፎቹ ግን ይቀራሉ፤ ለዚያውም የቀድሞው ሰርቨር በሥራ ላይ ካለ ነው። ስለዚህ በየሌሊቱ የዳታቤዙን ቅጂ፣ ቁልፎቹ ያሉበትን የማዋቀሪያ ፋይልና ሰዎች የጫኑትን ፎቶ ሌላ ቦታ አስቀምጡ። ዲስኩን በብዛት የሚሞላው ከውጭ ሰርቨሮች የሚቀዳው ምስል ነው፤ በ7 ቀን እንዲሰረዝ አስተዳደር ገጹ ላይ ሙሉት።

ብሎክ_ኮሚቴ፦
እናመሰግናለን። ጎቱሶሻል የሚባለው፣ ከማስቶዶን ጋር የሚገናኝ ሌላ ሶፍትዌር፣ ይቀላል ይባላል፤ ይሻለን ይሆን?

ዶሜይን_ጠባቂ፦
ራም ይቆጥባል፤ ግን የራሱ የመጻፊያ ገጽ ስለሌለው ሁሉም ሰው በሌላ መተግበሪያ ወይም ድረ ገጽ መግባት ይኖርበታል። ለ150 ሰው 8 ጊጋው ማስቶዶንን ይችላል። ምዝገባውን በማጽደቅ አድርጉት፤ አማርኛና ኦሮምኛ የሚያነቡ ቢያንስ ሦስት ተቆጣጣሪዎችም ከመክፈታችሁ በፊት መድቡ። ስድብ አንዴ ከወጣ እናንተ ብትሰርዙትም ሌላ ሰርቨር ላይ ቅጂው ሊቀር ይችላል።